‹‹ተፋሰስ›› እና ‹‹የውኃ መለያያ››፦ ስለ አንድ ጽንሰ ሐሳብ አሰያየም

በመልክዐ ምድርና በውኃ ሀብት ጥናት ዘወትር ከሚያጋጥሙን ሙያዊ ቃላት አንዱ ‹‹ተፋሰስ›› ነው። ቃሉ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በአዋጆች፣ በግብርና ትምህርትና በካርታ መግለጫዎች ላይ ይገኛል፤ ገበሬውም ተማሪውም ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የሚያመለክተው ነገር አንድ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ውኃው ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበትን ምድር በሙሉ ይገልጻል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለት እንዲህ ያሉ ምድሮችን የሚለየውን ተረተር ለመግለጽ ሲሠራበት እናያለን። ምድሩና የምድሩ ወሰን በአንድ ስም ሲጠሩ አንባቢ የትኛው እንደ ተነገረው ማወቅ ይሳነዋል። በዚህ ጽሑፍ ጽንሰ ሐሳቡን ከአገራችን መልክዐ ምድር በተገኙ ምሳሌዎች ካብራራን በኋላ፣ ለምድሩ አንድ፣ ለመለያው መስመር ሌላ፣ መስመሮቹ ለሚገጥሙበት ነጥብም ሦስተኛ ስያሜ እንደሚያስፈልግ ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ከቃሉ አስቀድመን ነገሩን እንመልከት። በአዲስ አበባ፣ በልደታ ሰፈር ያለ አንድ የቆርቆሮ ቤት እንውሰድ። ዝናብ ሲዘንብ የጣራው አናት፣ አናጢዎች ኮልሞ የሚሉት፣ ውኃውን በሁለት ይለየዋል፤ አንዱ ወገን ወደ ፊተኛው አሸንዳ፣ ሌላው ወገን ወደ ኋለኛው አሸንዳ ይወርዳል። በኮልሞው ግራና ቀኝ በአንድ ስንዝር ተራርቀው የወደቁ ሁለት ነጠብጣቦች አንደኛው በደጅ፣ ሁለተኛው በጓሮ በኩል ይወጣሉ። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው። ውኃውን ተቀብሎ ወደ አንድ አሸንዳ የሚያወርደው የጣራ ክንፍ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን ክንፎች የሚለየው ኮልሞ ሌላ ነገር ነው፤ ውኃውን ሰብስቦ የሚወስደው አሸንዳም ሦስተኛ ነገር ነው። ማንም አናጢ ክንፉንና ኮልሞውን በአንድ ስም አይጠራም፤ ቢጠራ ኖሮ ዕቃ ለመግዛት የተላከው ሰው ያልታዘዘውን ይዞ ይመለስ ነበር።

ጣራው በአራት ወገን የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር እናገኛለን። በኮልሞው በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሦስት ክንፎች የሚገጥሙበት ነጥብ አለ፤ ከዚያ ነጥብ ላይ ውኃ በሦስት አቅጣጫ ይወርዳል። ይህን ነጥብ ከወዲሁ ልብ እንዲሉልን አንባቢዎቻችንን እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የእንጦጦ ተረተር

የአገር ምድርም እንደ ጣራው ነው። ከልደታ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ የሚታየው የእንጦጦ ተረተር ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ የሚል ሲሆን፣ የአንድ ትልቅ ጣራ ኮልሞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በደቡብ ገጹ የሚወርደው ዝናብ በቀበና፣ በቀጨኔ፣ በትንሹ አቃቂና በሌሎችም ጅረቶች አድርጎ ከተማውን እያቋረጠ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ የልደታ የክረምት ጎርፍ መንገዱ ይኸው ነው። አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው ጨዋማው የአቤ ሐይቅ ያበቃል፤ ከባሕር አይደርስም። በሰሜን ገጹ የሚወርደው ዝናብ ግን በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ሙገር ወንዝ፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል፤ የዓባይ መንገድ ደግሞ በሱዳንና በግብፅ አድርጎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። በእንጦጦ አናት ላይ በጥቂት ርምጃ ተራርቀው የወደቁ ሁለት ነጠብጣቦች አንደኛው የአፋርን በረሃ፣ ሁለተኛው የኑብያን በረሃ መንገዱ ያደርጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ውኃን የሚለየው ከሁሉ የበለጠው ተራራ ይመስለዋል። በከተማው ምዕራብ የሚታየው የወጨጫ ተራራ ቁመቱ ወደ 3,400 ሜትር የሚጠጋ ስለ ሆነ ከእንጦጦ ይበልጣል፤ ነገር ግን ከወጨጫ የሚወርዱት ጅረቶች በሆለታም፣ በሰበታም፣ በአቃቂም በኩል ቢሄዱ መጨረሻቸው ያው አዋሽ ነው። ወጨጫ በአንድ የጣራ ክንፍ መካከል እንደ ቆመ ጉብታ ነው፤ ውኃው ዙሪያውን ቢወርድም አሸንዳው አንድ ነው። ስለዚህ ከፍታና የውኃ መለየት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ይህ ልዩነት ለስያሜው ምርጫ ወሳኝ መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን።

ሦስት ውኆች የሚለያዩበት ቦታ

አሁን ከሁለት ወደ ሦስት እንለፍ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከሚወጡት መንገዶች አንዱ ወደ አምቦ፣ ሌላው ወደ ጅማ ይወስዳል። የአምቦው መንገድ በጊንጪ አካባቢ የአዋሽን ምንጮች አገር አልፎ አምቦ ሲደርስ የሁሉቃን ወንዝ ያገኛል፤ ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ የሚፈስ ነው። የጅማው መንገድ ደግሞ አዋሽን ተሻግሮ፣ ወሊሶን አልፎ ወደ ወልቂጤ ሲቃረብ የሚያገኛቸው ወንዞች ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ የሚሄዱ ናቸው። መንገደኛው በሁለቱም መንገዶች ከአንድ ታላቅ የውኃ ሥርዓት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ መሻገሩን ግን የሚነግረው ነገር የለም።

በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል የደንዲና የወንጪ ከፍተኛ ምድር ይገኛል። ሁለቱም የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ሲሆኑ በአናታቸው ላይ ሐይቅ አላቸው፤ የወንጪ ተራራ ቁመት ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ከደንዲ የሚነሣው ሁሉቃ ውኃውን ለዓባይ ይሰጣል፤ ከወንጪ የሚነሣው ዋልጋ ውኃውን በጊቤ በኩል ለኦሞ ይሰጣል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጊንጪ የሚያዘነብለው ምድር የአዋሽ መነሻ ነው። በኢትዮጵያ ከሚቆጠሩት 12 ተፋሰሶች ሦስቱ፣ ይኸውም 200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የዓባይ፣ 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአዋሽ፣ 79,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የኦሞ ጊቤ ተፋሰስ፣ ወሰናቸው የሚገጥመው በዚህ ከፍተኛ ምድር ነው። በጣራው ላይ ልብ በሉ ያልነው ነጥብ በአገር ምድር ይህን ይመስላል።

የሦስቱ ውኆች ዕጣ እንደ መድረሻቸው የተለያየ ነው። የዓባይ ውኃ ወደ ሜዲትራኒያን ይጓዛል። ኦሞ በአብዛኛው በኬንያ ግዛት በሚገኘው በቱርካና ሐይቅ ያበቃል፤ ከቱርካና ደግሞ ወደ ባሕር የሚወጣ ወንዝ የለም። አዋሽም እንደ ተባለው በአቤ ይቀራል። ከሦስቱ የባሕር መንገድ ያለው አንዱ ብቻ መሆኑ ‹‹ዝግ ተፋሰስ›› የሚለውን ስያሜ አስፈላጊነት ያሳያል፤ ውኃው ገብቶ የማይወጣበት ማለት ነው።

እንዲህ ያሉ ቦታዎች በሌሎች አህጉሮችም ይገኛሉ። በሰሜን አሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት፣ በግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሚገኝ አንድ ተራራ ላይ ውኃ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ፣ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ወደ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ይለያያል፤ የተራራው ስም ራሱ ሦስትዮሽ መለያየትን የሚገልጽ ነው። በስዊስ አገር በሉንጊን ደግሞ ውኃ በራይን በኩል ወደ ሰሜን ባሕር፣ በኢንና በዳኑብ በኩል ወደ ጥቁር ባሕር፣ በማይራና በፖ በኩል ወደ አድሪያቲክ ባሕር ይሄዳል። ሉንጊን የተራራ ጫፍ ሳይሆን በተራሮች መካከል ያለ መተላለፊያ በር መሆኑን ማስተዋል ይጠቅማል። ስለዚህ በስያሜው ውስጥ ‹‹ጫፍ›› ወይም ‹‹ተራራ›› የሚለውን ቃል ማስገባት ትርጉሙን ያለ አግባብ ያጠብበዋል።

የቃሉ ታሪክና ችግሩ

በ1954 ዓ.ም. የአዋሽን ልማት እንዲመራ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ‹‹የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን›› ተባለ። በዚያ ጊዜ የተመረጠው ቃል ‹‹ሸለቆ›› ነበር። ሸለቆ በተራሮች መካከል ያለውን ዝቅተኛ ምድር የሚያሳይ ግሩም ቃል ነው፤ ነገር ግን የእንጦጦ አናት፣ የወጨጫም ጉባ ለአዋሽ ውኃ የሚሰጡ ሆነው ሳሉ ማንም ሰው ሸለቆ ብሎ አይጠራቸውም። ስለዚህ ከተረተሩ እስከ ወንዙ ዳር ያለውን ምድር ሁሉ የሚያቅፍ ቃል ያስፈልግ ነበር፤ ይህንንም ጉድለት የሞላው ‹‹ተፋሰስ›› ነው። የወንዝ ተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣናትን ለማቋቋም በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 534 ላይ ‹‹ሸለቆ›› ለ‹‹ተፋሰስ›› ቦታውን ለቅቆ እናያለን። ተቋማቱ ከዚያ ወዲህ ቢለዋወጡም ቃሉ ጸንቷል።

የቃሉ አሠራር የሚነቀፍ አይደለም። ‹‹ፈሰሰ›› ከሚለው ግሥ በመደጋገፍ ርባታ የወጣ ሲሆን፣ ‹‹ወረደ›› ካለው ‹‹ተዋረድ››፣ ‹‹ነጠለ›› ካለው ‹‹ተናጠል›› እንደ ወጡ ማለት ነው። ብዙ ጅረቶች አንዱ ባንዱ ውስጥ እየፈሰሱ አንድ ወንዝ መሆናቸውን በሚገባ ያሳያል። በመሆኑም ቃሉ የመሰብሰብ ቃል ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ የመሰብሰብ ቃል ለመለያየት ስንሠራበት ነው።

የችግሩ ምንጭ በከፊል ከውጭ የመጣ ነው። ጀርመኖች መስመሩን ‹‹ቫሰርሻይዴ›› ይሉታል፤ ‹‹ቫሰር›› ውኃ፣ ‹‹ሻይዴ›› መለያያ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ‹‹ዎተርሼድ›› የሚለው ቃል በዚሁ አምሳል የተሠራ ሲሆን በመጀመሪያ ትርጉሙ መስመሩን ያመለክታል፤ በብሪታንያ ዛሬም በዚሁ ትርጉም ይነገራል። በአሜሪካ ግን ቃሉ ወደ ምድሩ ተዛውሮ፣ ለመስመሩ ሌላ ቃል ተተክቷል። የእኛ ተርጓሚዎች ከሁለቱም ወገን መጻሕፍት ስለሚተረጉሙ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ባዩ ቁጥር ‹‹ተፋሰስ›› ብለው ይጽፋሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በሁለት አገሮች ተከፍሎ የሚገኘው ሁለት ትርጉም በአማርኛ በአንድ ገጽ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ስያሜው ስለምን ያሳስበናል?

ይህ የቃላት ምርመራ የመዝገበ ቃላት ሠሪዎች ብቻ ጉዳይ እንዳይመስል ሁለት ምሳሌዎችን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ከደቡብ አሜሪካ ነው። አርጀንቲናና ቺሊ በ1881 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ውል ድንበራቸው በአንዲስ ተራሮች ላይ ውኃን በሚለዩት ከፍተኛ ጫፎች በኩል እንዲያልፍ ተስማሙ። የውሉ ጸሐፊዎች ከፍተኛዎቹ ጫፎችና ውኃ የሚለያይበት መስመር አንድ ናቸው ብለው አስበው ነበር። በደቡቡ፣ በፓታጎንያ፣ ግን ከከፍተኛዎቹ ተራሮች በስተ ምሥራቅ የሚነሡ ወንዞች ተራሮቹን ሰንጥቀው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይፈሳሉ። እንግዲህ አርጀንቲና ጫፎቹን፣ ቺሊ የውኃውን መለያያ ይዘው ቆሙ፤ በሁለቱ መስመሮች መካከልም ሰፊ አገር ቀረ። ሁለቱ መንግሥታት ለጦርነት እስከ መዘጋጀት ከደረሱ በኋላ ነገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ በኤድዋርድ 7ኛ ዳኝነት በ1902 እ.ኤ.አ. ተወሰነ። የእንጦጦንና የወጨጫን ልዩነት ያስተዋለ አንባቢ የክርክሩን ምንነት ለመረዳት አይቸገርም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከደጃችን ነው። በእንጦጦ ማዶ የሚገኙትን የሲቢሉንና የገርቢን ውኆች ለአዲስ አበባ መጠጥ የማዋል ዕቅድ ለብዙ ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። እነዚህ ውኆች የሙገር፣ በሙገርም በኩል የዓባይ ወገን ናቸው። ተረተሩን ተሻግረው በልደታ ቧንቧዎች ቢወርዱ፣ ከተሠራባቸው በኋላ የሚፈሱት ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሆናል። ውኃው ከአንድ ተፋሰስ ወጥቶ ወደ ሌላ ተፋሰስ ገባ ማለት ነው፤ በአንደኛው ወገን ያለው የግርጌ ነዋሪ ውኃ ይቀነስበታል፣ በሌላኛው ወገን ያለው ይጨመርለታል፣ ከውኃውም ጋር የከተማው እድፍ ይደርሰዋል። ይህን ጉዳይ በውል፣ በደንብ ወይም በፍርድ ቋንቋ ለመጻፍ የሚሻ ሰው ‹‹ውኃው ተፋሰሱን ተሻገረ›› ቢል፣ ከዳር እስከ ዳር አገሩን አቋረጠ ማለቱ ነው ወይስ ወሰኑን አለፈ ማለቱ? ልደታ ሲባል ለብዙ ሰው ፊት ለፊት የሚታየው ፍርድ ቤቱ ነው፤ በፍርድ ቤት ደግሞ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ለሁለት ተከራካሪዎች ያገለግላል።

የቀረቡት አማራጮች ሲመረመሩ

ለመስመሩ ሊሰጡ የሚችሉትን ስያሜዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

‹‹ውኃ ከፋይ››። ‹‹ከፈለ›› በግእዝ መክፈልን፣ መለየትን የሚያሳይ ነው፤ ‹‹ክፍል›› የሚለው ስም ይህን ይመሰክራል። ነገር ግን በዛሬው አማርኛ ግሡ ገንዘብ መስጠትንም ያሳያል፤ በተለይም ‹‹ከፋይ›› የሚለው ቅጽ ለዚህ ሁለተኛው ትርጉም ያደላል። ‹‹ግብር ከፋይ›› የለመደ ጆሮ ‹‹ውኃ ከፋይ›› ሲባል የሚታየው የቧንቧ ሒሳብ ለመክፈል የተሰለፈ ሰው ነው። ስለዚህ ስያሜው አይመከርም።

‹‹ውኃ አካፋይ››። ከ‹‹ከፋይ›› የተሻለ ነው፤ በሒሳብ ትምህርትና በመንገድ ሥራም የታወቀ ነው። ሆኖም ማካፈል ለየባለ ድርሻው ድርሻውን መስጠትን ያመለክታል። ተረተሩ በእጁ ያለ ውኃ የለውም፤ የወደቀውን ዝናብ በየወገኑ ይለቅቃል እንጂ አያድልም።

‹‹የውኃ ልክ››። ግንበኞች የግንብን ሚዛን ለሚያዩበት መሣሪያና ለመሠረት ከፍታ ይዘውታል። ስያሜው ባለቤት አለው።

‹‹የተፋሰስ ወሰን››። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ለአዋጅም ይስማማል። ነገር ግን ወሰን መሆኑን ይነግረናል እንጂ ወሰን ያደረገው ምን እንደ ሆነ አይነግረንም። ወሰን በሰው ፈቃድ ሊዛወር ይችላል፤ ተረተር ግን በአዋጅ አይዛወርም። እንደ ማብራሪያ ቢያገለግል መልካም ነው።

‹‹የውኃ መለያያ››። ‹‹ተለያየ›› ከሚለው ግሥ የወጣ የቦታ ስም ነው። አማርኛ ‹‹መ›› እና ‹‹ያ›› ይዞ ለቦታና ለመሣሪያ ስም ማውጣቱን ሁሉ ያውቃል፤ ‹‹መገናኛ››፣ ‹‹መሻገሪያ››፣ ‹‹መሰናበቻ›› እንደ ማለት ነው። ቃሉ ያለ ማብራሪያ ይገባል፤ በደመናው አንድ የነበሩ ነጠብጣቦች መሬት ነክተው በየመንገዳቸው የሚሄዱበት ቦታ ማለት ነው። ‹‹መለያያ›› በሰዎች መሰነባበት ላይ መነገሩ አይጎዳውም፤ እንዲያውም ያግዘዋል። ከጀርመንኛውም ስያሜ ጋር በአሠራር መግጠሙ ተጨማሪ ድጋፍ ነው። ‹‹መለያ›› ከሚለው፣ ምልክትን ከሚያሳየው ቃል ጋር እንዳይምታታ ግን ሁለተኛው ‹‹ያ›› በጽሕፈት መጠበቅ አለበት።

የቀረው የነጥቡ ስም ነው። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በደንዲና በወንጪ ከፍተኛ ምድር ላይ የሚገናኙት መስመሮቹ ናቸው፤ ውኆቹ ግን ከዚያ ይለያያሉ፣ ተመልሰውም አይገናኙም። ስለዚህ ቦታውን ‹‹የውኆች መገናኛ›› ብሎ መጥራት ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ያ ስም የሚገባው ሁለት ወንዞች ለሚቀላቀሉበት ቦታ ነው። እኛ የምናቀርበው ‹‹የሦስት ውኃ መለያያ›› የሚለውን ነው።

የቀረቡት ስያሜዎችና ፍቻቸው

ተፋሰስ፦ በላዩ የሚወርደው ውኃ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ሐይቅ የሚሰበሰብበት ምድር በሙሉ። ምሳሌ፦ ልደታ የሚገኘው በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ነው።

ንዑስ ተፋሰስ፦ በትልቅ ተፋሰስ ውስጥ ያለ የአንድ ገባር ወንዝ ወይም ጅረት ተፋሰስ። ምሳሌ፦ የአቃቂ ንዑስ ተፋሰስ። ገበሬዎች እርከን የሚሠሩበት፣ ጥቂት መቶ ሄክታር ስፋት ያለው የአንድ ቀበሌ ጅረት ምድርም ከዚሁ ወገን ይቆጠራል።

ዝግ ተፋሰስ፦ ውኃው ወደ ባሕር መውጫ የሌለው ተፋሰስ። ምሳሌ፦ አዋሽ በዝግ ተፋሰስ ውስጥ የሚፈስ ወንዝ ነው።

የውኃ መለያያ፦ ሁለት ተፋሰሶችን የሚለይ መስመር። ምሳሌ፦ የእንጦጦ ተረተር የአዋሽና የዓባይ የውኃ መለያያ ነው።

አህጉራዊ የውኃ መለያያ፦ የአንድ አህጉር ውኃ ወደ ተለያዩ ባሕሮች፣ ወይም በአንድ ወገን ወደ ባሕር፣ በሌላው ወደ ዝግ ተፋሰስ የሚለያይበት መስመር።

የሦስት ውኃ መለያያ፦ የሦስት ተፋሰሶች የውኃ መለያያዎች የሚገጥሙበት ነጥብ፤ ተራራም፣ በርም፣ ሜዳም ሊሆን ይችላል። ምሳሌ፦ የዓባይ፣ የአዋሽና የኦሞ ውኆች የሦስት ውኃ መለያያ በደንዲና በወንጪ ከፍተኛ ምድር ላይ ይገኛል።

ከእነዚህ መካከል ‹‹ተፋሰስ›› ለሚለው አዲስ ነገር አላመጣንም፤ ገበሬው በ‹‹ተፋሰስ ልማት›› የለመደውን ትርጉም አጸናን እንጂ አልቀነስንም። የምንጠይቀው ቃሉ ከተረተሩ በታች ላለው ምድር ብቻ እንዲጠበቅ፣ ተረተሩም የራሱን ስም እንዲያገኝ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ የካርታ ሠሪዎችና የሕግ ረቂቅ ጸሐፊዎች ስያሜዎቹን በየጽሑፋቸው ውስጥ አስገብተው እንዲፈትኗቸው እናሳስባለን። በየአካባቢው ውኃ የሚለያይበትን ተረተር ሕዝቡ የሚጠራበት ነባር ቃል ያለው አንባቢም ቢልክልን በደስታ እንቀበላለን፤ ከመጽሐፍ ከሚወጣ ስም ይልቅ ከተራራው ላይ የሚወርድ ስም ዕድሜው ይረዝማልና።